የሚታለፍ ህመምና የማይታለፍ ህመም

በ1973 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሳንዲዬጎ ውስጥ መሐመድ አሊ ከኬን ኖርተን ጋር 12 ዙር ሲቧቀስ መንጋጋው ተሰብሮ ነበር። በስንተኛው ዙር እንደተሰበረ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው አያውቁም። የአሊ ሰዎች ገና ከጅምሩ ነው ሲሉ ኖርተን ወደ ማብቂያው ነው ይል ነበር። ብቻ አሊ በነጥብ ተሸነፈ እንጂ አልወደቀም። በ2004 ደግሞ ላስ ቬጋስ ላይ ኦስካር ደ ላ ሆያ በዘጠነኛው ዙር ከበርናርድ ሆፕኪንስ አንድ ግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚሰነዘር ቡጢ) ከቀኝ ጎድኑ ሥር፣ ጉበቱ ላይ ተቀበለ። ወደቀ፤ ወለሉን በጓንቱ እየደበደበ እስከ አስር ተቆጠረበት። ይህ ሰው የባርሴሎና ኦሎምፒክ የወርቅ ባለቤት፣ በስድስት የክብደት ምድቦች ሻምፒዮን የሆነ ቦክሰኛ ነው።

ከዚህ ተነስቶ አሊን ወንድ፣ ደ ላ ሆያን ልበ ቀጭን ማድረግ ቀላል ነው። ብዙ የቡጢ ወዳጅም የሚፈርደው እንዲሁ ነው። ነገር ግን የሁለቱን ሰዎች አካል የገጠመው ነገር ለየቅል ነው። የተሰበረ መንጋጋ ያማል፣ እጅግ ያማል፤ እግርን ግን አያስርም። ጉበት ላይ ያረፈ ቡጢ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ትንፋሽ ይቆልፋል፣ ጉልበት ያጥፋል። ሰውየው ልነሳ ቢልም ሰውነቱ አይታዘዘውም። ስለ ተፋላሚዎች ቻይነት የሚወራው አብዛኛው ወሬ ይህን ልዩነት ስለሚዘለው ጀማሪውን ያስጎዳል። ጎበዝ ተፋላሚ ማለት ሁሉን የሚችል ሳይሆን የትኛውን ችሎ የትኛውን እንደሚሰማ የሚያውቅ ነው ብዬ የምሟገተውም ለዚህ ነው።

የሰለጠነ ተፋላሚ ህመም አይሰማውም የሚለው ነገር ውሸት ነው። የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች በ2012 ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስበው ስፖርተኛውን ከተራው ሰው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው "አመመኝ" በሚባልበት ነጥብ ላይ አልነበረም። "አመመኝ" እና "በቃኝ" መካከል ባለው ርቀት ላይ ነበር። ቡጢው ለሁለቱም ያማል፤ የሰለጠነው ግን ካመመው በኋላም ሥራውን ይሠራል።

ይህ ርቀት ሊሰፋ የሚችለው ህመም ከቆዳ ተነስቶ እንዳለ አንጎል ስለማይደርስ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንዚዮ ግንባር ላይ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ማስታገሻ ይሰጥህ ወይ ሲባሉ እምቢ ማለታቸውን በ1946 ጽፏል። ቁስሉ ከሞት ቀጠና የሚያወጣ የምስራች ነበርና። በ1965 ሜልዛክና ዎል ነገሩን በበር መሰሉት፦ የህመሙ መልእክት አከርካሪ ውስጥ በር አለበት፤ በሩን አንጎል ከላይ ሆኖ ሊያጠብበው ይችላል፤ ማሻሸትና ጫና ደግሞ ከታች ያጠብቡታል። የጋለ ሰውነትና አድሬናሊንም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ስለዚህ ሥልጠና ማለት ነርቭ መግደል አይደለም። በሩን ማን፣ መቼ እንደሚዘጋው መማር ነው።

አሁን ወደ ቅልጥም እንምጣ፤ ቅልጥም እንዴት ይደነድናል የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይነሳልና። የሙአይ ታይ (በእግር፣ በጉልበትና በክርንም የሚመቱበት ቡጢ) ተፋላሚ ታይላንዳውያን ቅልጥማቸውን በጠርሙስ እያሹ፣ በዱላ እየደበደቡ፣ የሙዝ ግንድ እየመቱ ያደነድናሉ የሚለው ወሬ ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ ይዞራል። የሙዝ ግንዱ እንኳ ውሃ የቋጠረ ለስላሳ ነገር ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። ጠርሙሱና ዱላው ግን ከንቱ ድካም ናቸው። የቅልጥም አጥንት በፊትና በውስጥ በኩል ከቆዳ በቀር የሚሸፍነው ሥጋ የለውም፤ አጥንቱን የለበሰው ስስ ሽፋን ደግሞ በነርቭ የተሞላ ነው። በጠርሙስ ሲፋቅ ሽፋኑ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ለሳምንታት ያማል፤ አጥንቱ ግን በዚያ አይጠነክርም። አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲያርፍበት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊዩስ ቮልፍ በ1892 ያሳተመው ይህንኑ ነው፦ አጥንት በሚያርፍበት ጫና ልክ ራሱን መልሶ ይሠራል። ሥራው ግን ዘገምተኛ ነው። አሮጌው ተፍቆ አዲሱ እስኪተካና እስኪደነድን ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ የሚመጣው ደግሞ መፋቁ ነው። ልምምድ ባንዴ የጨመረ ሰው ከሦስተኛ አራተኛ ሳምንት በኋላ አጥንቱ ከጀመረበት ቀን ይልቅ ሊዳከም ይችላል፤ "አሁንማ ለመድኩት" ብሎ ኃይል የሚጨምረውም በዚያው ሰሞን ነው።

መንገዱ የሚንጠለጠለውን ጆንያ መምታት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ እግር 50 ምት፣ በግማሽ ኃይል። በየሳምንቱ ከአስር በመቶ ያልበለጠ ይጨመራል፤ በየአራተኛው ሳምንት ሳይጨመር፣ እንዲያውም ተቀንሶ ይታረፋል። በሦስት ወር ከ100 በላይ ይደረሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ትቶ ኃይሉን ማሳደግ ይሻላል። ከሰው ጋር ሲሆን ሁለቱም የቅልጥም መከላከያ ያደርጋሉ። መከላከያ ማድረግ ያሳፍራል የሚል አሰልጣኝ ያለበት ቤት ውስጥ ግማሹ ተማሪ ሁሌ እያነከሰ ነው።

ጆንያውን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞላ ጆንያ ሲቆይ ጨርቁ ወደ ታች ይረጋል፤ የታችኛው ሲሶ ይጠጥራል፣ የላይኛው ባዶ ሆኖ ይንጠለጠላል። ሎው ኪክ (ዝቅ ብሎ እግር ላይ የሚሰነዘር የእግር ምት) የሚለማመድ ጀማሪ ሳያውቅ የሚመታው ያንን የጠጠረውን ነው። በየሁለት ወሩ ገደማ አውርዶ መገልበጥ፣ ካልሆነም ከፍቶ መልሶ መጠቅጠቅ ይገባል። ክብደት እንዲኖረው ተብሎ አሸዋ የገባበት ከሆነ፣ አሸዋው በትንንሽ ከረጢት ታስሮ መሃል ለመሃል ካልተቀመጠና ዙሪያውን ጨርቅ ካልከበበው ሥር ላይ ተሰብስቦ ይደድራል። ጣት ተጭኖ ካልሰረገደ ያ ቦታ ለጀማሪ ቅልጥም አይሆንም።

ከልምምድ በኋላ የሚመጣው ህመም ሁለት መልክ አለው፤ ልዩነቱን በጣት ማወቅ ይቻላል። በቅልጥሙ ላይ አንድ መዳፍ ያህል ተዘርግቶ የሚሰማ፣ ሲሟሟቅ የሚቀንስ ከሆነ የሽፋኑና የጡንቻው ድካም ነው፤ ልምምዱን ቀነስ አድርጎ መቀጠል ይቻላል። ህመሙ የአንድ ጣት ጫፍ በምታክል ቦታ ላይ ተሰብስቦ፣ ሲሟሟቅ እየባሰ፣ ማታ ተኝተውም የሚነዘንዝ፣ በዚያ እግር ብቻ ሲዘለል የሚወጋ ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ጥርጣሬ አለ። ይህ አይታለፍም። ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተራ ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል "ራጁ ደህና ነው" መባሉ ብቻውን ነፃ አያወጣም። የተለመደው ዕረፍት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው፤ ያልታረፈበት ስንጥቅ ግን ሙሉ ስብራት ይሆናል።

የደነደነ ቅልጥምም ቢሆን ከሒሳብ አያመልጥም። የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚው አንደርሰን ሲልቫ በ2013 ክሪስ ዋይድማን ላይ የሰነዘረው ሎው ኪክ ዋይድማን ጉልበቱን አንስቶ ሲከላከል የራሱን እግር ለሁለት ሰበረው። በ2021 ደግሞ ያው ዋይድማን ዩራያ ሆል ላይ በሰነዘረው የመጀመሪያ ምት በዚያው መንገድ ተሰበረ። የሚመታው እግር ቀጭን የታችኛ ክፍል ከተቃራኒው ቅልጥም የላይኛ፣ ወፍራም ክፍል ጋር ሲጋጭ የሚሸነፈው ቀጭኑ ነው። የሚያድነው ቀድሞ በቡጢ አሳስቦ፣ የተቃራኒው ክብደት በፊት እግሩ ላይ ሲያርፍ መምታት ነው። ክብደት ያረፈበት እግር ለመከላከል አይነሳምና።

ታይላንዳውያን ከፍልሚያ በፊት የሚቀቡት ናምማን ሙአይ የሚባለው ዘይት ብዙ ተአምር ይወራለታል። ዋና ዋና ነገሮቹ ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት ናቸው። የሚያቃጥለው ቆዳውን ነው፤ ያ ማቃጠል የህመሙን በር ያጠብበዋል፣ አጥንቱን ግን አያደነድንም። ሜቲል ሳሊሲሌት የአስፕሪን ዘመድ ስለሆነ ቁስል ላይ አይቀባም፤ ተቀብቶም በፋሻ ወይም በፍል ውሃ ከረጢት አይታፈንም። እጅ ሳይታጠቡ ዓይን መንካት ምን እንደሚያደርግ የነካው ያውቀዋል።

ጭን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2010 በድብልቅ ማርሻል አርት ጆዜ አልዶ ዩራያ ፌበርን አምስት ዙር ሙሉ ጭኑን ሲመታው የቆየበት ፍልሚያ ሎው ኪክ ምን እንደሚሠራ የሚታይበት ነው፤ የፌበር እግር ማበጥና መበለዝ ከፍልሚያው በላይ ሲወራ ኖሯል። እዚህ ላይ ቻይነት አንድ ነገር ብቻ ይሠራል፦ ህመሙ ፊት ላይ እንዳይነበብ ያደርጋል። ጡንቻው ግን ሲደማና ሲያብጥ መኮማተር ያቅተዋል፤ ይህን ወኔ አይመልሰውም። እንዲህ የተመታ ጭን መጀመሪያ የሚፈልገው ጉልበቱ ታጥፎ፣ ተረከዙ ወደ መቀመጫ ተጠግቶ በላስቲክ ፋሻ መያዝና በበረዶ መቀዝቀዝ ነው፤ በረዶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ። ጡንቻው ተዘርግቶ እንደታጠፈ በመጀመሪያው ቀን ካደረ የሚቋጥረው ደም ያንሳል፣ ጉልበቱም በኋላ እንደልብ ይታጠፋል።

እኛ ጋ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ያበጠ እግር ይዞ በዚያው ማታ ወጌሻ ጋ የሚሄድ ብዙ ነው። ወጌሻ ለወለምታ ያለውን እጅ የሚክድ የለም። በደም የተሞላን ጡንቻ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸት መድማቱን እንደገና መክፈት ነው። ደጋግሞ የታሸና በግድ የተሳበ ጡንቻ ከሳምንታት በኋላ ውስጡ አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ ጭኑ ላይ ጠጣር ነገር ይዳሰሳል፣ ጉልበት አልታጠፍ ይላል። ከዚህም የከፋው የታችኛው እግር ነው። ቅልጥም አካባቢ ያሉት ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን የታሸጉ ስለሆኑ ሲያብጡ ደም እስከማቆም ይደርሳሉ። ምልክቱ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ እየጨመረ የሚሄድ ህመም ነው፤ የእግር ጣት በሌላ ሰው እጅ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ያስጮኻል፣ ባቱ ይወጠራል፣ የእግር ጀርባ ይደነዝዛል። ያኔ ቀርከሃ አድርጎ ጥብቅ አድርጎ ማሰር እግር ማሳጣት ነው። ፋሻ ካለ ተፈትቶ በቀጥታ ሆስፒታል ይኬዳል፤ ስድስት ሰዓት ካለፈ ጡንቻው መሞት ይጀምራልና ለነገ የሚባል አይደለም።

ወደ ሆድና ጎድን ስንመለስ የሚደነድነው የሆድ ግድግዳ ነው፤ ጉበት አይደነድንም። ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን በታች ብቅ ይላል፤ ስለዚህ የሚያገኘው ግራ ሁክ፣ ወይም የግራ እግር ምት ነው። ምቱ ካረፈ በኋላ አንድ ሁለት ሰከንድ ምንም የለም፤ ከዚያ ሰውየው ይታጠፋል። በ2023 ቦክሰኛው ጀርቮንታ ዴቪስ ራያን ጋርሲያን በሰባተኛው ዙር ሲመታው ተመልካች መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባውም ነበር፤ ጋርሲያ ሁለት ሦስት እርምጃ አፈግፍጎ ነው የተንበረከከው። ለዚህ የሚበጁት ሦስት ልማዶች ናቸው። አንዱ ቀኝ ክርን ከጎድን አለመራቁ፣ በተለይ ቀኝ ቡጢ ወደ ራስ ከሰነዘሩ በኋላ እጅ ሲመለስ። ሁለተኛው ምት ሲመጣ አጭር ትንፋሽ በጥርስ መሃል "ትስ" ብሎ ማውጣት፤ ሳንባው ሙሉ ሆኖ የተመታ ሰው ዲያፍራሙ (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ይኮማተርና ትንፋሽ ያጣል። ሦስተኛው የጎን ጡንቻ ነው። ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን የሜዲሲን ኳስ የተኛ ሰው ሆድ ላይ መጀመሪያ ከአንድ ስንዝር፣ ከሳምንታት በኋላ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልቀቅ፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሁለት ሦስት ዙር። ልምምዱ ጡንቻ ከማጠንከሩ ይበልጥ የሚያስተምረው ትንፋሹን ከምቱ ጋር ማገናኘት ነው። ሰው ሆድ ላይ ቆሞ መራመድ ለቪዲዮ ያምራል፤ ጎድን ይሰብራል እንጂ የሚያስተምረው የለም። ጉበቱ የተመታ ቦክሰኛ ብልህ ከሆነ ቶሎ ተንበርክኮ ስምንት እስኪቆጠር ይተነፍሳል። ቆሞ ለማስመሰል የሚታገለው ሁለተኛውን ይቀበላል።

አፍንጫ ላይ ብዙ አልቆይም። ዕንባው የነርቭ ምላሽ ነው፣ ከወኔ ጋር አይገናኝም፤ ጀማሪ ግን ዕንባው ሲመጣ ተሸነፍኩ ብሎ ይደነግጣል። ከተመታ በኋላ መናፈጥ ክልክል ነው፤ የዓይን ጉድጓድ አጥንት ተሰንጥቆ ከሆነ አየሩ ከቆዳ ሥር ገብቶ ዓይን ባንድ ጊዜ ይደፈናል። በቀዳዳው ውስጥ መሃል ግድግዳው ላይ ለስላሳ፣ የጠቆረ እብጠት ከታየ ደም ቋጥሯልና በቀን ሁለት ቀን ውስጥ በሐኪም መፍሰስ አለበት፤ አለዚያ ውስጡ ያለው ለስላሳ አጥንት ሞቶ አፍንጫው ይወድቃል።

ራስ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ወሬ ውጭ ነው። አንጎል ራሱ ህመም የሚቀበል ነርቭ የለውም፤ አደገኛው ምት ብዙ ጊዜ የማያመው ነው። ሃሪሰን ማርትላንድ በ1928 በቦክሰኞች ላይ የሚታየውን መፍዘዝና መንገዳገድ ከጻፈ ወዲህ ራስን በምት ማለማመድ ይቻላል የሚል ማስረጃ አልተገኘም። ጭንቅላት ላይ የሚታሰረው መከላከያም የሚያስቀረው መተርተርን እንጂ የአንጎልን መናጥ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የአማተር ቦክስ ፌዴሬሽን በ2013 ከወንዶች ውድድር አንስቶታል። በስፓሪንግ (ከሰው ጋር በሚደረግ የልምምድ ፍልሚያ) "ራሱን እናጠንክርለት" ብሎ ተማሪ የሚያስደበድብ አሰልጣኝ ሲገኝ ቤት መቀየር ነው። አንገት ማጠንከር፣ ጥርስ መንከስ፣ ምቱን ማየት ይጠቅማሉ፤ ሰው የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ያልታየው ቡጢ ነውና።

ማየት ካልኩ ዘንድ፣ የሚጠበቅ ህመምና ድንገተኛ ህመም አንድ አይደሉም። ፍርሃት ያለበት ሰው ገና ሳይመታ ይጨማደዳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ሦስቱም ህመሙን ይጨምራሉ። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን የሚፈታው በቀላል ምት ነው፦ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ተማሪው ምንም ሳይመልስ በ20 በመቶ ኃይል እየተመታ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ በእያንዳንዱ ምት እያስተነፈሰ ይከላከላል። አሰልቺ ነው። ለጀማሪ ግን ጠንካራ ስፓሪንግ በዚህ ቦታ አይተካም።

ሙአይ ታይ ውስጥ ፊት የነጥብ ጉዳይ ነው። ዳኛ የሚያየው ምቱ ምን እንዳደረገ ነው፤ የተመታው ሚዛኑን ካልሳተ፣ ፊቱም ካልተጨማደደ ምቱ ዋጋው ይወርዳል። በባንኮክ ስታዲየሞች በራጃዳምነርንና በሉምፒኒ ጭኑን ተመትቶ ፈገግ ብሎ ራሱን የሚነቀንቀው ለዚህ ነው። ማስመሰሉ ለተመታውም ይሠራል፤ ፊት ሲፈታ ትንፋሽም ይፈታል። በእኛው ደቡብ ምዕራብ በሱሪ ብሔረሰብ የዶንጋ ፍልሚያ፣ ረጅሙ ዱላ በባዶ ሰውነት ላይ ሲያርፍ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ምን ያህል እንደሚያስችል ማየት ነው። ያው ወጣት ጫካ ውስጥ ብቻውን እሾህ ቢወጋው ይጮህ ይሆናል።

በዙሮች መካከል ቦክስ አንድ ደቂቃ፣ ሙአይ ታይ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች የትንፋሽ ናቸው፤ በአፍንጫ ሦስት አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ በአፍ ከዚያ እጥፍ እየቆጠሩ ማውጣት። "ያምሃል?" ብሎ መጠየቅ የደካማ ማዕዘን (በዙሮች መካከል ተፋላሚውን የሚረዱት አሰልጣኝና ረዳቶቹ) ምልክት ነው፤ ጥያቄው ራሱ ትኩረቱን ወደ ህመሙ ይመልሰዋል። አንድ ትዕዛዝ ይበቃል፦ "ግራህን አስቀድም፣ ወደ ቀኝ ውጣ።" ሥራ ያለው አንጎል ለህመም የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ክብደት ለማውረድ ውሃ የጠማው ሰው ግን ይህ ሁሉ አይሠራለትም። ከፍልሚያ በፊት ባለው ሳምንት የሚጎድል እንቅልፍ ቻይነትን ከምንም በላይ ይበላል።

ለትግልና ለጁጁትሱ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፦ መገጣጠሚያ ሲያዝ ህመም ቀድሞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ እንጂ የሚቻል ፈተና አይደለም። በ1951 ብራዚል ውስጥ ማራካና ስታዲየም ላይ ጃፓናዊው የጁዶ ሰው ማሳሂኮ ኪሙራ የብራዚላዊውን የጁጁትሱ ሰው የሄሊዮ ግሬሲን ክንድ ሰበረ፣ ግሬሲ አልሰጥም አለ፣ ማዕዘኑ ፎጣ ወረወረለት። በ2011 በድብልቅ ማርሻል አርት ኖጌይራ ከፍራንክ ሚር ጋር ሲፋለም በዚያው አያያዝ ክንዱ ተሰበረ። ታሪኩ ያምራል፤ ልምምድ ቤት ውስጥ ግን ተረከዝ የሚጠመዝዝ አያያዝ ጅማት የሚበጥሰው ህመሙ ገና ሳይሰማ ነው። እዚያ ላይ ታፕ የሚደረገው (በእጅ መታ መታ አድርጎ የሚሸነፈው) ሲያም አይደለም፣ ሲያዝ ነው።

ክኒን ውጦ ሪንግ መውጣትም አለ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማትን ያባብሳሉ፤ ጭንቅላቱን ሊመታ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ትራማዶል ከ2024 መግቢያ ጀምሮ በውድድር ላይ በዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት ታግዷል፤ ባይታገድም የሚያደነዝዘው ማስጠንቀቂያውን ነው።

ፍልሚያው ካለቀ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ አድሬናሊኑ ሲወርድ ሁለተኛው ህመም ይመጣል። ያኔ ነው መመርመር ያለበት። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ብቻውን አያድርም፤ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት ካለ ሆስፒታል። ሽንት ቀላ ካለ ኩላሊት ተመትቷል፤ እንደ ኮካ ከጠቆረ ደግሞ ጡንቻ እየፈረሰ ነውና ውሃ መጠጣት ብቻ አይበቃም፣ ምርመራ ያስፈልጋል። አሰልጣኞች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ደግሞ ይህን ነው፦ ግራ ጎድኑን የተመታ ተፋላሚ በማግስቱ ወይም ከቀናት በኋላ "ግራ ትከሻዬን አመመኝ" ቢል፣ ትከሻው ላይ ምንም ምት ካላረፈበትና ሲተኛ ከባሰበት፣ ጣፊያው እየደማ ሊሆን ይችላል። ትከሻውን የሚያሸው ሰው አይፈለግ፤ መኪና ይጠራ።